ስለ ሃይማኖት እናውራ፦ በእድራችን 40ኛ ዓመት በዓል ላይ ያደረግሁት ንግግር

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እዚያ ድንኳኑ ጥግ የቆማችሁ ልጆቼም ጭምር፤ እንኳን ለ40ኛው ዓመት በሰላም አደረሰን።

ኮሚቴው የጠራኝ የእድሩን ታሪክ በአጭሩ እንድናገር ነው። እናገራለሁ። ግን በሆዴ ይዤው የመጣሁት ሌላ ነገር አለ። እሱን ሳልናገር አልወርድም።

እድራችን የተጀመረው በ77 ነው። ያን ጊዜ ደሴ ምን እንደነበረች የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከኮረምና ከባቲ የሚመጣው ወሬ የሞት ወሬ ነበር። እህል ፍለጋ ወደ ከተማ የገባው ገበሬ መንገድ ዳር ይወድቃል። ዘመድ የለው፣ ቀባሪ የለው። የሰፈራችን ሰዎች ከየቤታቸው ሳንቲም አዋጥተው አቡጀዲ ገዙ። እድሩ እንዲህ ተጀመረ። ከራሳችን ሰው በፊት የቀበርነው የማናውቀውን ሰው ነው።

እኔ ያኔ የ25 ዓመት አስተማሪ ነበርኩ። አንድ ነገር ከዓይኔ አይጠፋም። ሟቹ ማን እንደሆነ የሚያውቅ ሲጠፋ አንገቱ ይታይ ነበር። ማተብ ካለ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከሌለ ወደ ሙስሊም መቃብር። ተሸካሚዎቹ ግን አይለወጡም። ያው እነሱ ናቸው። ጠዋት ፍትሐት ቆመው የሚጠብቁት፣ ከሰዓት ጀናዛውን ይሸከማሉ። ከእነዚያ ሰዎች ዛሬ እዚህ ያሉት ሦስት ናቸው። እባካችሁ ከፊት አስቀምጧቸው።

ከዚያ ወዲህ ድንኳን ገዛን፣ ወንበር ገዛን። ድስትና ሳህኑን በሁለት ወገን አሟላን፣ የሙስሊሙ ለብቻ፣ የክርስቲያኑ ለብቻ። በ40 ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ድስት ተሳስቶ አያውቅም። ታሪኩ ይኸው ነው፤ የቀረውን ጸሐፊያችን በመዝገብ ይዘውታል።

አሁን ወደ መጣሁበት ልግባ።

ባለፈው ጥር በእድራችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አንድ ወጣት የሌላውን እምነት የሚያንቋሽሽ ቪዲዮ ለጠፈ። ሌላው በሌላ ቪዲዮ መለሰ። እስከ እኩለ ሌሊት ሲሰዳደቡ አመሹ። ሁለት ቤተሰብ ከግሩፑ ወጣ። ከዚያ ኮሚቴው ተሰብስቦ ደንብ አወጣ፦ በስብሰባም ሆነ በግሩፑ ስለ ሃይማኖት ማውራት ክልክል ነው፣ የተናገረ 500 ብር ይቀጣል።

ይህን ደንብ እቃወማለሁ።

ኮሚቴው በክፋት አላደረገውም። ደንግጦ ነው። ግን ተሳስቷል። ለምን ተሳሳተ እንደምል ለማስረዳት ስለ አያቴ ልንገራችሁ።

የእናቴ እናት ሙስሊም ነበሩ። አባቴ ክርስቲያን፣ እናቴም ስታገባ ተጠመቀች። በወሎ ይህ ብርቅ አይደለም፤ እዚህ ድንኳን ውስጥ የራሱ ስም የሙስሊም፣ የአያቱ ስም የክርስቲያን የሆነ ሰው ሞልቷል። እኔ ማተብ አንገቴ ላይ አስሬ በአያቴ መስገጃ ላይ እንቅልፍ የሚወስደኝ ልጅ ነበርኩ።

ጎረቤታችን የአንድ ቄስ ባለቤት ነበሩ። ከአያቴ ጋር ቡና ተራ በተራ ያፈላሉ። በሁዳዴ አያቴ ቅቤ የነካ ቁርስ አያቀርቡም፣ ቆሎ ነው። በረመዳን ደግሞ ቡናው ወደ ማታ ይዛወራል። እስከዚህ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በየመድረኩ የምንተርከውም ይህንኑ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን አንተርክም።

አንድ ቀን አቦሉ ተቀድቶ የቄሱ ባለቤት፣ «አንቺ፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ። «ጌታን ነቢይ ነው ብቻ የምትሉት ለምንድን ነው?»

አያቴ ሲኒውን አስቀመጡ። «አላህ አልወለደም፣ አልተወለደም ነው የምንለው። ዒሳን እንወደዋለን። እናቱ መርየምም በስሟ የተጠራ ሱራ አላት። ግን የአላህ ልጅ ነው አንልም።»

«እኛ ደግሞ አምላክ ሰው ሆኖ ባይመጣ አንድንም ነበር ነው የምንለው።»

«ታዲያ አስረጂኝ፤ አምላክ እንዴት ይራባል? እንዴት ይደክማል?»

ቶናው ቀረበ። ድምፃቸው ከፍ አለ። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ሆዴ ተንቦጫቦጨ። ሊጣሉ ነው ብዬ ነበር። የቄሱ ባለቤት፣ «ስለወደደን ነዋ! ስለወደደን ነው የወረደው» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

አያቴ ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «እኔ ይህን አልቀበልም። ግን በስቅለት ስትሰግጂ ለምን እንደምታለቅሺ ዛሬ ገባኝ።»

የቄሱ ባለቤት ነጠላቸውን አስተካክለው ሊነሱ ሲሉ፣ አያቴ እጃቸውን ያዙ። «በረካውን ሳትጠጪ የት ትሄጃለሽ?» ተቀመጡ። ጠጡ። መረቁ። በማግስቱ ቡናው በእሳቸው ቤት ነበር።

ልብ በሉልኝ። አንዳቸውም እምነታቸውን አልሸራረፉም። «ሁሉም አንድ ነው» ብለው አልተሸነጋገሉም። አንድ ስላልሆነ ነው የጠየቁት። አንዳቸውም ደግሞ «እናንተ እኮ የምታምኑት እንዲህ ነው» ብለው ለሌላዋ አልነገሩም። የምታምነውን ራሷ እንድትናገር ጠየቋት፣ ከዚያ እስክትጨርስ ጠበቋት።

ይህ ከሌላ ቦታ የመጣ ነገር አይደለም፤ የራሳችን ነው። የእስልምና ታሪክ ጸሐፊዎች የሚተርኩትን ሁላችሁም ሰምታችኋል። የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ከመካ ሸሽተው ወደ ሀበሻ ሲመጡ፣ የመካ ሰዎች የሆኑት ቁረይሾች ስጦታ የጫኑ መልእክተኞች ልከው ስደተኞቹን እንዲያስረክባቸው ንጉሡን ጠየቁ። ነጃሺ፣ እነሱን ሳልሰማ አልሰጥም አለ። አስጠራቸውና ጠየቃቸው። ከስደተኞቹ አንዱ ጃዕፈር የሱረቱ መርየምን መጀመሪያ ሲያነብ ንጉሡ አለቀሰ። ይህችን ሁላችንም እንወዳታለን።

እኔን የምትገርመኝ ግን የማግስቱ ነገር ናት። መልእክተኞቹ ተመልሰው፣ «እነዚህ ሰዎች ስለ ዒሳ ከባድ ነገር ይላሉ፣ ጠይቃቸው» አሉ። አስቡት፤ ስደተኛ ናችሁ፣ ያላችሁት በክርስቲያን ንጉሥ ፊት ነው፣ ሕይወታችሁ በአንድ መልስ ላይ ተንጠልጥሏል። ጃዕፈር አልዋሸም። የአላህ ባሪያና መልእክተኛ ነው፣ ወደ ድንግል መርየም የጣለው ቃሉና ከእሱ የሆነ መንፈስ ነው አለ። ጳጳሳቱ አጉረመረሙ። ንጉሡ ከመሬት እንጨት አንስቶ፣ ዒሳ አንተ ካልከው የዚህን እንጨት ያህል እንኳ አይርቅም አለ። ስጦታውንም መለሰ።

ይህን ታሪክ በየበዓሉ የምንኮራበት ሰዎች፣ በራሳችን እድር ውስጥ «ስለ ዒሳ ምን ትላላችሁ?» ብሎ የጠየቀን 500 ብር እንቀጣለን! ነጃሺ በእኛ ደንብ ቢሆን ኖሮ ቅጣቱን ይከፍል ነበር!

«መቻቻል» የሚለውን ቃል ደግሞ ተውልኝ። በየስብሰባው እሰማዋለሁ፣ በየባነሩ አነበዋለሁ። መቻል ምንድን ነው? ረሃብ ይቻላል። የጥርስ ሕመም ይቻላል። ጎረቤት ግን ሕመም ነው እንዴ የሚቻለው? አያቴ የቄሱን ባለቤት አልቻሏቸውም፤ አወቋቸው። እኛ ስንቻል ስንቻል የልጆቻችንን ጥያቄ ለስልክ አስረከብነው። ልጄ ስለ ጎረቤቱ እምነት የሚማረው ከጎረቤቱ መሆኑ ቀርቶ በቲክቶክ ከሚጮህ ሰው ሆነ። ጎረቤቱ እኮ ግድግዳ ነው የሚለየው!

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። እኛ የምንኮራበት አብሮ መኖር ለሁለት ብቻ ነው። ሦስተኛ ሲመጣ ምን እንዳደረግን ታውቃላችሁ። ከዓመታት በፊት ያስተማርኩት አንድ የሰፈራችን ልጅ የወንጌል አማኝ ሆነ። መንገድ ላይ አገኘሁትና፣ «የእናትህን ሃይማኖት በስንዴና በዘይት ሸጥከው?» አልኩት። በ77 የእርዳታ ስንዴ የበላሁ ሴት፣ ይህን አልኩ። ልጁ አልተቆጣም። «ቲቸር፣ አንድ ቀን እንኳ ለምን ብለው ጠይቀውኝ ያውቃሉ?» ብቻ አለኝ።

አልጠየቅሁትም ነበር። እናቱ ስትሞት ከድንኳኑ ውጭ ብቻውን ተቀምጦ አየሁት። የሰፈሩ ሰው ይመጣል፣ እህቶቹን «እግዜር ያጽናሽ» ይላል፣ እሱን አልፎ ይሄዳል። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ያን ቀን ጠየቅሁት። ሁለት ሰዓት አወራን። ስንዴ የሚባል ነገር በታሪኩ ውስጥ የለም። ስለ ሱስ፣ ስለ ሌሊት ጸሎት፣ ስለ መዳን ነው የነገረኝ። በብዙው አልተስማማሁም፣ ነገርኩትም። ይቅርታም ጠየቅሁት። ዛሬ እዚህ አለ። በሕዝብ ፊት በድጋሚ ይቅርታ እለዋለሁ።

ስለ ሃይማኖት ማውራት ሰውን ይጎዳል የምትሉ፣ የጎዳው ንግግሩ ይመስላችኋል? ቦሩ ሜዳ ከዚህ ቅርብ ነው። በ1870 በዚያ ሜዳ ስለ ሃይማኖት ብዙ ተነግሯል። ክርክሩ በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ተዘጋ፣ ቀጥሎ የወሎ ሙስሊም ተጠመቅ ተባለ። ቀን ክርስቲያን፣ ማታ ሙስሊም ሆነው የኖሩ አያቶች አሉን። እዚያ ጉዳት ያመጣው የሚጠይቀው ሰው ሥልጣን ይዞ፣ መልሱንም አስቀድሞ ወስኖ መምጣቱ ነው። በሚያዝያ 12 ቀን 1966 ደግሞ በአዲስ አበባ ሙስሊሞች ለእኩልነት ሰልፍ ሲወጡ ክርስቲያኖች አብረዋቸው ወጥተዋል። ስለ ሃይማኖት ነበር፣ ያውም በአደባባይ።

ቪዲዮ የምትለጥፉ ልጆች፣ ለእናንተም ቃል አለኝ። «እኔ አላልኩም፣ ፎርዋርድ ነው ያደረግሁት» አትበሉኝ። ድንጋዩን አቀብሎ አልወረወርኩም ማለት ነው። ስለ ራስህ እምነት የፈለግኸውን ያህል ተናገር። ስለ ጎረቤትህ እምነት ማወቅ ከፈለግህ በሩን አንኳኳ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ግን አትከራከር። በዕድሜ የሚበልጥህንም በሰው ፊት አታፋጥጥ። ይህን አያቶቻችሁ ያስተምሯችኋል።

ቀሳውስቶቻችንና ሼኾቻችንም ፈቃዳቸው ከሆነ፣ በወር አንድ እሁድ እዚህ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው የልጆቹን ጥያቄ ይመልሱ። እያንዳንዱ ስለ ራሱ እምነት ብቻ። የወንጌል አማኞችም ይጠሩ።

ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ክልከላውም የ500 ብሩ ቅጣትም ይሰረዝ። በምትኩ አንድ መስመር ይግባ፦ የሌላውን እምነት የሚሰድብ ነገር የለጠፈ አባል፣ የተሰደበው ሰው ቤት ሄዶ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ቡናውንም ጠጥቶ ይመጣል። ሰብሳቢያችን፣ እባክዎ ዛሬውኑ ድምፅ ያሰጡበት።