ከፈተናው ጋር የሚመጣው መውጫ

የተከበራችሁ የጉባኤው ታዳሚዎች፣ በክርስቶስ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፤

በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው መካከል አንዳንዶቻችን ስለ ሱስ ለመስማት መጥተናል፤ አንዳንዶቻችን ደግሞ ማንም ሳያውቅብን ሱሳችንን ይዘን መጥተናል። እኔ ለብዙ ጊዜ ከሁለተኞቹ ወገን ስለነበርሁ፣ ዛሬ የምናገረው በተለይ ለእነርሱ ነው።

9 ዓመት ሙሉ መጠጥ ገዝቶኝ ኖሬአለሁ። በእነዚያ ዓመታት መጸለይን አላቋረጥሁም፤ እንዲያውም በሕይወቴ እንደዚያን ጊዜ አልቅሼ የጸለይሁበት ዘመን የለም። ማታ ማታ «ጌታ ሆይ፣ ይህን ነገር ከእኔ አርቅልኝ» እላለሁ፤ ጠርሙሱ ግን ከልብሴ ሥር እንደ ተደበቀ ነው። ጸሎቴ ውሸት አልነበረም። ነገር ግን ለእግዚአብሔር ብቻ የምነግረው፣ ለሰው ግን ፈጽሞ የማልተነፍሰው ምሥጢር ሆኖ ስለ ቆየ፣ ጸሎቱ ራሱ አንድ ተጨማሪ መደበቂያ ሆኖኝ ነበር። ይህን ያወቅሁት በጣም ዘግይቼ ነው፤ እናንተ እንደ እኔ እንዳትዘገዩ እፈልጋለሁ።

ሐዋርያው ጳውሎስ በመጀመሪያው የቆሮንቶስ መልእክቱ፣ በ10ኛው ምዕራፍ በ13ኛው ቁጥር፣ ከሚቻለን መጠን ይልቅ እንድንፈተን እግዚአብሔር እንደማይፈቅድ ይነግረናል። ብዙዎቻችን ይህን ቃል በቃላችን እናውቀዋለን፤ ስንጠቅሰው ግን «የሚቻላችሁ» ከሚለው ላይ እንቆማለን። ከዚያም በወደቅን ቁጥር «እንግዲህ አልቻልሁም፤ ወይ ቃሉ ለእኔ አልተጻፈም፣ ወይ እምነቴ እምነት አይደለም» ብለን በራሳችን ላይ እንፈርዳለን። ጳውሎስ ግን በዚያው አላበቃም፤ እግዚአብሔር «ከፈተናው ጋር መውጫውን ደግሞ ያደርግላችኋል» ብሎ ይቀጥላል። መውጫ የሚያስፈልገው ለብርቱ ሰው ሳይሆን ለተከበበ ሰው ነው። ዮሴፍ በጲጥፋራ ቤት በተፈተነ ጊዜ ተከራክሮ አላሸነፈም፤ ልብሱን በሴቲቱ እጅ ትቶ ሸሽቶ ወጣ።

ደግሞም አስተውሉ፤ ቃሉ «ያደርግላችኋል» ይላል እንጂ «ያደርግልሃል» አይልም። መልእክቱ የተላከው ክፍሉን ዘግቶ ብቻውን ለሚታገል አንድ ሰው ሳይሆን ለጉባኤ ነው። እኔ ይህን «ላችኋል» የሚለውን ቃል ለዓመታት እያነበብሁት አላየሁትም ነበር። ብዙ ጊዜ መውጫው የሰው ፊት ያለው ነው፤ እግዚአብሔር ያዘጋጀው በር የምንደውልለት፣ ፊት ለፊት ተቀምጠን እውነቱን የምንነግረው አንድ ወንድም ወይም አንዲት እኅት ሊሆን ይችላል። ያዕቆብም በመልእክቱ በ5ኛው ምዕራፍ «እርስ በርሳችሁ በኃጢአታችሁ ተናዘዙ» ካለ በኋላ ወዲያው «ትፈወሱም ዘንድ» ብሎ ኑዛዜንና ፈውስን በአንድ ክር ያስራቸዋል።

በ1935 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ቢል ዊልሰን የተባለ አሜሪካዊ የአክሲዮን ነጋዴ በኦሃዮ ግዛት አክረን በምትባል ከተማ ነበር። መጠጥ ካቆመ ገና ወራት ብቻ ተቆጥረዋል፤ የሄደበት ንግድ ከሽፎበታል፤ ከሆቴሉ መጠጥ ቤት የሚሰማው ድምፅም ይጠራዋል። ያን ጊዜ የተገነዘበው ነገር፣ እንዳይጠጣ የሚረዳው እንደ እርሱ ያለ ሌላ ጠጪ አግኝቶ ማነጋገር መሆኑን ነው። ለአገልጋዮች ስልክ መደወል ጀመረ፤ ያ ፍለጋ ሐኪሙን ቦብ ስሚዝን አገናኘው። በሁለቱ ጭውውት የተጀመረው ኅብረት ዛሬ በዓለም ዙሪያ የአልኮል ሱሰኞች እርስ በርስ የሚደጋገፉበት ሆኗል። በመጀመሪያዎቹ ስብሰባዎቻቸው ከመጽሐፍ ቅዱስ አዘውትረው ከሚያነቧቸው ክፍሎች አንዱ ይኸው የያዕቆብ መልእክት ነበር። ሐኪሙም ከተገናኙ በኋላ አንድ ጊዜ ወድቋል። ወዳጁ ግን አልተወውም፤ በዚያው ዓመት ሰኔ 10 ቀን፣ በእነርሱው አቆጣጠር፣ ሐኪሙ የመጨረሻውን መጠጥ ጠጣ።

አሁን ስለ አምሮት ልናገር፤ አማኞች በዚህ ጉዳይ ብዙ እንሳሳታለንና። ንስሐ ከገባን፣ ከተጸለየልን በኋላ አምሮቱ ተመልሶ ሲመጣ «አልዳንሁም» ብለን እንደነግጣለን። አእምሮአችን ዶፓሚን በሚባለው ንጥረ ነገር አማካይነት ለሕይወት አስፈላጊ የሆነውን ነገር እንድንፈልግና እንድንደጋግም ያነሣሣናል። መጠጥ፣ ኒኮቲን፣ ቁማርም ሳይቀር በዚሁ መንገድ ይገባሉ። በድግግሞሽ ብዛት ደስታው እየቀነሰ ሲሄድ ፍላጎቱ ግን ይበረታል፤ ከቆመ ከብዙ ጊዜ በኋላም አንድ ሽታ፣ አንድ የመንገድ ጥግ ወይም የለመድነው ሰዓት ሊቀሰቅሰው ይችላል። ይህ የአካል ቁስል ነው፤ የእምነት ማነስ ምልክት አድርጋችሁ አትቁጠሩት።

ቤተ ክርስቲያን ይህን ከሳይንስ በፊት ታውቀዋለች። የቅድስት ማርያም ግብጻዊት ታሪክ እንደሚነግረን፣ በእስክንድርያ 17 ዓመት በዝሙት ከኖረች በኋላ ዮርዳኖስን ተሻግራ ወደ በረሃ ገባች። ከ47 ዓመት በኋላ አባ ዞሲማስ ሲያገኛት፣ በበረሃው የመጀመሪያዎቹን 17 ዓመታት ከፍላጎቷ ጋር እንደ አውሬ ስትታገል እንዳሳለፈች ነገረችው። የወይን ጠጅ ጥማት ያቃጥላት ነበር፤ የቀድሞ ዘፈኖቿ በልቧ ይመላለሱ ነበር። ንስሐዋ እውነተኛ ነበር፤ አምሮቱ ግን ወዲያው አልለቀቃትም። አባቶቻችን ይህን ከታሪኳ አልሰረዙትም። እኔ ያነበብሁት ካቆምሁ በኋላ በሁለተኛው ዓመት ሲሆን፣ ያን ቀን የተሰማኝን እፎይታ ዛሬም አልረሳውም።

ከአካል ቁስል ጋር የሚሄድ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መንቀጥቀጥ፣ የሚጥል በሽታን የመሰለ መንዘፍዘፍና መቃዠት ሊገጥመው ይችላል፤ ይህም እስከ ሞት ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ «በእምነት አቆማለሁ» ብላችሁ ቤት ዘግታችሁ አትቀመጡ፤ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። አገልጋዮች ሆይ፣ የታመመን ሰው መድኃኒቱን እንዲጥል አትምከሩት። ጳውሎስ ራሱ «የተወደደው ባለ መድኃኒቱ ሉቃስ» ብሎ የጠራው ወዳጅ ነበረው።

አገልጋዮችን ካነሣሁ አይቀር፣ ከልቤ ያልወጣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ምሥጢሬን ለመጀመሪያ ጊዜ የነገርሁት አንድ አገልጋይ፣ በሚቀጥለው እሑድ ስሜን ጠርቶ በጉባኤ ፊት የጸሎት ርእስ አደረገኝ። በጎ አስቦ እንደሆነ አምናለሁ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ለማንም አፌን አልከፈትሁም፤ እነዚያ ሦስት ዓመታት ከሁሉም የከፉት ነበሩ። ሰው ኃጢአቱን ሲናዘዝላችሁ የሰጣችሁ ሕይወቱን ነው፤ እባካችሁ፣ እስከ መቃብር ጠብቁለት።

ቤተሰቦችም ገበና መሸፈን ፍቅር ይመስላችኋል፤ ባለቤቴም እንደዚያ ታስብ ነበር። ለአለቃዬ «ታሟል» እያለች ትዋሽልኝ፣ ዕዳዬን ትከፍልልኝ ነበር። አንድ ቀን «ከእንግዲህ ለአንተ አልዋሽም፤ ከአንተ ግን አልለይም» አለችኝ። ከባድ ንግግር ነበር፤ ከሽፋኗ ሁሉ ይልቅ የጠቀመኝ ግን እርሱ ነው።

ከዚያ በኋላ በአንድ ምሽት ለአብሮ አደጌ ደወልሁ። «ጠርሙሱ ፊቴ ተቀምጧል» አልሁት። አልሰበከኝም፤ «በሩን ክፈትልኝ፣ መጣሁ» ብቻ አለኝ። እስኪነጋ አጠገቤ ተቀመጠ፤ መዝሙረ ዳዊት አነበበልኝ፤ ሲነጋ ወደ ሐኪም ይዞኝ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ አገርሽቶብኛል፤ ሁለቱንም ጊዜ መጀመሪያ የሰማው እርሱ ነው። ዛሬም እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል።

ጉባኤው ከተፈጸመ በኋላ እኔና እርሱ ከአዳራሹ በስተኋላ ባለው ክፍል እንቆያለን። ስም አንጠይቅም፤ የምንጽፈውም ነገር የለም። መናገር ያቃተው ሰው መጥቶ ዝም ብሎ መቀመጥ ይችላል፤ የመጨረሻው ሰው እስኪወጣ ድረስ በሩን አንዘጋም።