የቆምንበት መሬት ታሪክ

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

እዚህ ሜልበርን ዝግጅት ስንከፍት የመሬቱን ነባር ባለቤቶች የሚያመሰግን ጽሑፍ እናነባለን። ዛሬ እዚያ ላይ ትንሽ እንድንቆይ እፈልጋለሁ።

በበጋ ልጆቻችንን ይዘን የምንወርድበትን የፖርት ፊሊፕ ባሕረ ሰላጤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቡኑሮንግ የተባሉት የአካባቢው አቦርጂናሎች፣ ማለትም የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች፣ ይህ ውኃ ድሮ ካንጋሮ የሚታደንበት ደረቅ ሜዳ ነበር፣ ኋላ ነው ባሕሩ የገባበት ይላሉ። ከአውሮፓ የመጡት ሰፋሪዎች ይህን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰምተው ጽፈውታል። የሥነ ምድር ባለሙያዎችም የያራ ወንዝ በዚያ ሜዳ ላይ ይፈስበት የነበረውን ቦይ ከባሕሩ ወለል ሥር አግኝተውታል።

ይህ ትረካ ያለ ጽሕፈት እንዴት ተጠበቀ? እኔ እንደሚገባኝ፣ ትረካው ከቦታው ስለማይለይ ነው። ልጅ ታሪኩን የሚማረው በአገሩ ላይ እየተጓዘ፣ ድንጋዩንና ኩሬውን እያየ ነው። ደግሞም ማንም ተነስቶ አይተርክም። ማን ለማን እንደሚናገር ሕግ አለው። የሴቶች ብቻ የሆነ አለ፣ የወንዶች ብቻ የሆነም አለ። ሲሳሳት የሚያርም ሽማግሌ አለ።

ከዚህ ወደ ምዕራብ ቡጅ ቢም የሚባል እሳተ ገሞራ አለ። ለጉንዲጅማራ ሕዝብ፣ በምድሪቱ ላይ ራሱን የገለጠ ፈጣሪ አባት ነው። ከእርሱ ፈሶ በረጋው አለት መካከል ቦይና ግድብ ሠርተው፣ እባብ የሚመስለውን ኢል የተባለ ዓሣ እያጠመዱ ኖረዋል። ሥራው ቢያንስ 6,600 ዓመት ዕድሜ አለው። ከዚያ ሰፋሪዎች መጡ። መሬቱ በደም ተወሰደ፣ ዓሣውን ያጠምዱበት የነበረው ሐይቅም እንዲደርቅ ተደረገ። ጉንዲጅማራዎች ግን አልተዉትም። ለዓመታት ታግለው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ውኃው ተመለሰ። በ2019 ዩኔስኮ ቦታውን በዓለም ቅርስነት መዘገበው።

ወገኖቼ፣ ቪዛ የሰጠን መንግሥት ነው። የተቀበለን መሬት ግን የእነዚህ ሰዎች ነው። ልጆቻችን የተወለዱት እዚህ ነው፤ የአክሱምንና የጣናን ታሪክ እንደምንነግራቸው ሁሉ፣ የሚረግጡትን መሬት ታሪክም ሊሰሙ ይገባል። ከእኛ ሳይሆን ከባለቤቶቹ አፍ።

ስለዚህ በሚመጣው የትምህርት ቤት ዕረፍት ልጆቹን ይዘን ቡጅ ቢም እንሂድ። ጉንዲጅማራዎች ራሳቸው ያስጎበኛሉ። ተገቢውን ከፍለን፣ አርፈን እንስማቸው። ከሰማነውም የትኛውን ለሌላ መናገር እንደሚፈቀድልን እንጠይቃቸው። መሄድ የምትፈልጉ፣ ስትወጡ በሩ አጠገብ ባለው መዝገብ ላይ ስማችሁን ጻፉ። አመሰግናለሁ።