ለመናፈሻው ውኃ የሚከፍለው ማነው?

የተከበራችሁ የሀዋሳ ከተማ ነዋሪዎች፣ የእድር ሰብሳቢዎች፣ ነጋዴዎችና የሆቴል ባለቤቶች፣ የወጣት ማኅበራት አባላት፣ ከማዘጋጃ ቤት የመጣችሁ ባለሙያዎች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

በየሰፈሩ መናፈሻ ይኑር፣ ልጆች መጫወቻ ያግኙ፣ ወጣቶች ቅዳሜና እሑድ የሚሰለጥኑበት ሜዳ ይዘጋጅ ሲባል ሁሉም የሚጠይቀው «ለግንባታው ገንዘብ ከየት ይመጣል?» ብሎ ነው። እውነቱን ለመናገር ለግንባታ ገንዘብ ማግኘት ያን ያህል አይከብድም። የመሠረት ድንጋይ ማስቀመጥ ደስ ይላል፣ ሪባን ሲቆረጥ ካሜራ አለ፣ ስም በር ላይ ይጻፋል። በጥር ፀሐይ ጀሪካን ተሸክሞ ችግኝ ለሚያጠጣው ሠራተኛ ደመወዝ ሲባል ግን አዳራሹ ዝም ይላል። መናፈሻ የሚሞተው እዚህ ላይ ስለሆነ፣ ዛሬ ብዙውን ሰዓት የምወስደው በዚሁ ነው።

እስቲ አንድ ትንሽ የሰፈር መናፈሻ እናስብ፤ ስፋቱ 1,000 ካሬ ሜትር። ግማሹ ሣር ነው፣ 40 የጥላ ዛፍ ችግኝ አለበት። አንድ ችግኝ በበጋ በሳምንት ሁለት ጊዜ 20 ሊትር ቢጠጣ፣ ለ40ው በሳምንት 1,600 ሊትር ይበቃል። ሣሩ ደግሞ አረንጓዴ ሆኖ እንዲቆይ ከተፈለገ ለአንድ ካሬ ሜትር በቀን 5 ሊትር ገደማ ይጠይቃል። 500 ካሬ ሜትር ሣር በቀን 2,500፣ በሳምንት 17,500 ሊትር ማለት ነው። ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ብትገዙ ለዛፎቹ ሦስት ሳምንት ያገለግላል፤ ለሣሩ ሁለት ቀን። ገንዘቡን የሚጠጣው ሣሩ ነው። ያውም አብዛኛውን ጊዜ «ሣሩ ላይ መቀመጥ ክልክል ነው» የሚል ታፔላ የሚተከልበት ሣር!

ስለዚህ ለጋሹም ልገሳውን የሚሰበስበው የሰፈር ኮሚቴም ንድፉ ሲቀርብላቸው አስቀድመው የሣሩን ስፋት ይጠይቁ። ሰው በእውነት የሚቀመጥበትና ልጅ የሚንከባለልበት 100 ካሬ ሜትር ይበቃል። ቀሪው በጠጠር፣ በድንጋይ ንጣፍና በዛፍ ጥላ ይሸፈን። ዛፉን በተመለከተ ዋንዛ፣ ብርብራ፣ ወይራና ሾላ የአገራችን ናቸው፤ ሥር ከሰደዱ በኋላ በዝናብ ብቻ ይኖራሉ። ሾላ ግን ሥሩ ሩቅ ስለሚሄድ ከአጥርና ከውኃ ቱቦ ይራቅ።

ከውኃ ቀጥሎ ጥበቃ ነው። ብዙ ኮሚቴ በዕቅዱ ላይ «አንድ ዘበኛ» ብሎ ይጽፋል። ሳምንት 168 ሰዓት አለው፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ደግሞ አንድ ሠራተኛ በመደበኛ በሳምንት ከ48 ሰዓት በላይ አይሠራም። አካፍሉት፤ ሦስት ተኩል ይመጣል። ሌት ተቀን የሚጠበቅ በር አራት ሰው ይፈልጋል ማለት ነው። አንድ ሰው ብቻ ሲቀጠር ሌሊቱ ባዶ ይሆናል። በወሩ የብረት መቀመጫው እግር ይጠፋና ቁራሌ ዘንድ ይገኛል። አራት ሰው መክፈል ካልተቻለ ከመጀመሪያው የሚሰረቅ ነገር አታስቀምጡ፤ መቀመጫው ከድንጋይ ወይም ከኮንክሪት ይሠራ፣ መብራቱ ከፍ ብሎ ይሰቀል፣ የቧንቧው ቆጣሪ በኮንክሪት ሳጥን ውስጥ ይቆለፍበት።

የመጫወቻው ጉዳይም እንዲሁ ነው። ዥዋዥዌ ከአንድ ለጋሽ በአንድ ቀን ይገኛል። ከሥሩ ያለው ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው አሸዋ ግን በልጆቹ እግር እየተገፋ፣ ልክ የሚወድቁበት ቦታ ላይ ይጎደጉዳል። በየሳምንቱ በሬክ መመለስ፣ በየዓመቱ መጨመር አለበት። ሰንሰለቱ የሚንጠለጠልበት መንጠቆ ብረት ከብረት ጋር ሲፋተግ ስለሚበላ በየወሩ በዓይን ይታይ። ይህን የሚያይ ሰው በስም ካልተመደበ ዥዋዥዌውን አለመቀበል ይሻላል። ስጦታን መመለስ በባህላችን ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ የልጅ እጅ መሰበር ግን ይብሳል።

እነዚህን ሁሉ ደምሩና ከአንድ ብር ጀምሮ ለሚመጣ ማንኛውም ልገሳ አንድ ደንብ አውጡ፤ የሦስት ዓመት የውኃ፣ የጥበቃና የጥገና ወጪ በወረቀት ላይ ሳይሰፍርና የመጀመሪያው ዓመት በባንክ ሳይገባ ቁፋሮ አይጀመር። ሦስት ዓመት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከላይ የጠቀስኳቸው ችግኞች ያለ ሰው እጅ መቆም የሚጀምሩት በዚያ ጊዜ አካባቢ ነው።

ወደ መሬቱ ልለፍ። በሕገ መንግሥቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የቱንም ያህል ብትለግሱ ቦታው የናንተ አይሆንም፣ መሆንም የለበትም። የሚያስፈልጋችሁ ሁለት ወረቀት ነው። አንደኛው ቦታው በከተማው ፕላን ላይ በአረንጓዴ ስፍራነት መያዙን የሚያሳይ ማረጋገጫ። «ክፍት ቦታ ነው» የሚል የቃል ምስክርነት ዋጋ የለውም፤ ክፍት ቦታ ነገ ሕንፃ ይሆናል። ሁለተኛው ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር የሚፈረም የመግባቢያ ሰነድ ነው፤ ቢያንስ ለ10 ዓመት። በዚህ ሰነድ ውስጥ አንዲት ዓረፍተ ነገር እንዳትረሱ፤ ልገሳ ተገኘ ተብሎ ከተማው ለቦታው የመደበው በጀት፣ ሠራተኛና ውኃ እንዳይቀነስ የምታደርግ ዓረፍተ ነገር። ይህች ካልተጻፈች የናንተ ብር የመናፈሻውን ሀብት አይጨምርም፤ የመንግሥትን ብር ተክቶ ይቀራል።

በልገሳ ለሚያዝ መናፈሻ በዓለም ላይ በብዛት የሚጠቀሰው የኒው ዮርኩ ሴንትራል ፓርክ ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መናፈሻው ተበላሽቶ ነበር፤ በ1980 እ.ኤ.አ. በግል ልገሳ የሚንቀሳቀስ ድርጅት ተቋቋመለት፣ በ1998 ደግሞ ከከተማው ጋር የአስተዳደር ውል ፈረመ። ዛሬ የመናፈሻው በጀት አብዛኛው ከልገሳ ይመጣል፤ ባለቤቱ ግን ከተማው ነው። በውሉና በገንዘቡ መካከል 18 ዓመት እንደነበረ ልብ በሉ፤ መጀመሪያ ሥራ ታየ፣ ከዚያ እምነት መጣ። በዚያው ከተማ የሚነሳው ወቀሳም መሰማት አለበት፤ ሀብታሞች መስኮታቸው ሥር ላለው መናፈሻ ይሰጣሉ፣ የድሃ ሰፈር መናፈሻ ግን ለጋሽ አያገኝም። በሀዋሳም ብር በራሱ የሚሄደው ወደ ሐይቁ ዳር ነው። በሐይቁ ዳር ያሉትን አሞራ ገደልን ወይም ጉዱማሌን የሚያውቅ እንግዳ ብዙ ነው፤ ከታቦር ተራራ ኋላ ያለችውን መንደር ወይም ወደ ቱላ የሚሄደውን ሰፈር ማን ያውቀዋል? ስለዚህ ከእያንዳንዱ ልገሳ 20 በመቶው ለጋሽ ወደሌለበት ሰፈር ይሂድ ብላችሁ ከጅምሩ ወስኑ። በኋላ ላይ ብትሞክሩት ማንም አይስማማም።

ሐይቁን ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ሐይቃችን በጥቁር ውኃ ወንዝ ይመገባል እንጂ መውጫ ወንዝ የለውም። በዳርቻው ላይ ያፈሰስነው ማዳበሪያና የመጸዳጃ ፍሳሽ የትም አይሄድም፤ እዚያው ይቆያል። በሐይቁ አጠገብ ሣር በማዳበሪያ የሚያለማ ለጋሽ ገንዘብ እየከፈለ ነው ሐይቁን የሚያበላሸው። መጸዳጃው የሚመጠጥ፣ ግድግዳውና ወለሉ የማያሰርግ ሴፕቲክ ይሁን፤ የመምጠጫ መኪና እስከ ጉድጓዱ የሚደርስበት መንገድም ይተውለት። መንገዱ ተረስቶ መኪናው ሳይደርስ የሚሞላ ጉድጓድ ብርቅ አይደለም። ቆሻሻ መጣያውም የሚቆለፍ ክዳን ይኑረው፤ ጦጣዎቹ ክፍቱን በአንድ ጠዋት ይበትኑታል፣ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍም ያግዛቸዋል።

አሁን በዓይነት ስለሚሰጥ ልገሳ። ሲሚንቶ፣ ችግኝ፣ ቀለም፣ ብረት ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚመጣው ስንፈልገው ሳይሆን ለጋሹ ሲመቸው ነው። ሲሚንቶ በመሬት ላይ ተደርድሮ ክረምት ከገባ ድንጋይ ይሆናል። ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ በሦስት ወር ውስጥ ይሠራበት። ችግኝ ደግሞ በሰኔና በሐምሌ እንጂ መስከረም ካለፈ አትቀበሉ፤ ሥር ሳይሰድ በጋ ይይዘዋል። ጉድጓዱ 60 በ60 በ60 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ የላይኛው ጥቁር አፈር ለብቻ ይቀመጥና ከብስባሽ ጋር መጀመሪያ ይመለስ። ፕላስቲኩ ይቀደድ። ይህን መናገር የሚያሳፍር ይመስላል፤ ነገር ግን በዘመቻ ቀን፣ በፎቶ ጥድፊያ፣ ከነፕላስቲኩ የሚተከል ችግኝ አለ፤ ሥሩ ተጠቅልሎ በሁለተኛው ዓመት ይደርቃል። ለጋሹም የሚነገረው የተተከለው ቁጥር ሳይሆን በስድስት ወርና በዓመቱ ቆሞ የተገኘው ይሁን።

የገንዘቡ አያያዝ ላይ እንቅጩን ልንገራችሁ። በአዳራሽ ቃል የተገባ ብር ገንዘብ አይደለም። በጭብጨባ መካከል የተጠራው ቁጥር ሁሉ ባንክ አይደርስም፤ ዕቅዳችሁ በገባው ላይ ብቻ ይቁም። ሒሳቡ በሦስት ሰው ስም ተከፍቶ በሁለቱ ፊርማ ይንቀሳቀስ፤ ሦስቱ የአንድ ቤተሰብ ወይም የአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች አይሁኑ። በቴሌብር የሚገባውም ወደዚያው ሒሳብ ይሂድ፣ በግለሰብ ስልክ ላይ አይከማች። ደረሰኝ ተራ ቁጥር ያለውና ሦስት ቅጂ ይሁን፤ የተበላሸው ቅጠል ተቀዶ አይጣል፣ ተሰርዞ እዚያው ይቆይ። ግዢ በሦስት ፕሮፎርማ ይካሄድ። ወርኃዊ ገቢና ወጪው በመናፈሻው በር ላይ ይለጠፍ። በሲዳማ ባህል «አፊኒ» እየተባለ ሁሉም ሰምቶ፣ ሁሉም ተናግሮ ነው ነገር የሚቋጨው፤ የሒሳብ ሪፖርትም በሦስት ወር አንዴ በዚሁ ሥርዓት ለሰፈሩ ሰው ቢቀርብ ከማንኛውም ማኅተም በላይ ይታመናል።

ነጋዴዎች ስለ ግብር መጠየቃችሁ አይቀርም። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ለኢትዮጵያ በጎ አድራጎት ድርጅት የተሰጠ ልገሳ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ ተቀናሽ ይደረጋል። ግብር የሚከፈልበት ገቢው 2 ሚሊዮን ብር የሆነ ኩባንያ 200,000 ብር ቢለግስ፣ በ30 በመቶ የንግድ ትርፍ ግብር 60,000 ብር ያነሰ ይከፍላል። ያልተመዘገበ የሰፈር ኮሚቴ የሚሰጠው ወረቀት ግን ለዚህ አይሆንም። እድሮቻችን ገንዘብ በማሰባሰብ ማንም አይወዳደራቸውም፤ ለድርጅቶች ልገሳ ግን ሕጋዊ ምዝገባ ያለው አካል አጠገባቸው ይቁም። የግብር ሕግ ስለሚሻሻልም ከመስጠታችሁ በፊት የሒሳብ ባለሙያችሁን አማክሩ።

ስም መጻፍን በተመለከተ እኔ አልቃወምም። ለሰጠ ሰው ምስጋና ይገባዋል። ሰሌዳው ግን ከ40 በ60 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፣ ለአምስት ዓመት ይሁን፣ ከዚያ ይታደስ ወይም ይውረድ። የትምባሆ ድርጅት ስፖንሰርነት በሕግ የተከለከለ ነው፤ የአልኮል ዓርማም ልጅ በሚጫወትበት ቦታ አይሰቀል፣ ያ የኛ ውሳኔ ነው። ሙሉ መናፈሻው በአንድ ሰው ስም ሲጠራ ደግሞ ሌላው ሰፈርተኛ «የሱ ነው» ብሎ እጁን ይሰበስባል። ስለዚህ ስሙ ለመቀመጫው፣ ለሮቶው፣ ለዛፉ ይሁን።

አንዳንዶች ትልቅ ገንዘብ አንዴ አስቀምጠን በወለዱ እናስተዳድር ይላሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ችግሩ የዋጋ ንረቱ ነው። የቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ሆኖ ንረቱ ከ20 በመቶ በላይ በወጣባቸው ዓመታት ባንክ የተቀመጠ ብር በየዓመቱ ሲሟሟ ነው የኖረው። ለኛ የሚሻለው ትንሽና የማይቋረጥ ነው። 300 አባወራ በወር 50 ብር ቢያዋጣ 15,000 ብር ይገባል፤ ዋጋ ሲጨምር መዋጮውም አብሮ ይሻሻላል። ከዚህ ላይ የጀበና ቡና መሸጫው ኪራይና በወጣቶች ማኅበር የሚተዳደረው መጸዳጃ ገቢ ይጨመራል። መናፈሻው ግን በር ላይ አያስከፍል፤ የመግቢያ ብር የሌለው ልጅ ነው ከሁሉ በላይ የሚፈልገው።

በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ቅጽ ሁለት መስመር አለው። የመጀመሪያው ለግንባታ፣ ሁለተኛው ለውኃ፣ ለጥበቃና ለጥገና ነው። የመጀመሪያውን ብቻ ሞልታችሁ የምትመልሱትን ቅጽ ገንዘብ ያዡ አይቀበልም፤ ሁለተኛውን ብቻ የምትሞሉትን ግን በደስታ ይመዘግባል። አመሰግናለሁ።