የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ስልኩን ትተው ፖስታ የሚልኩት ለምንድን ነው?

ጥያቄ (ከጅማ፣ አጂፕ ሰፈር)፦ አሜሪካ ያለችው እህቴ ቤት የመጠይቅ ፖስታ መጣ፤ ውስጡ 5 ዶላር አለበት። ማጭበርበር ይሆን? ድሮ እኮ በስልክ ነበር የሚጠይቁት።

መልስ፦ እህቴ፣ ገንዘቡን አስቀድሞ መላክ እዚያ የታወቀ አሠራር ነው። «ሞልተሽ ስትመልሺ እንከፍላለን» ከማለት ቀድማ የገባች ትንሽ ብር ይበልጥ ታሠራለች፤ ይሉኝታ ፈረንጅም አለው። ላኪውን ግን ታጣራ፤ የባንክ ሂሳብ ከጠየቋት ትተወው። ስልኩን የተዉት ሰው ስለማያነሳ ነው። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1997 ከመቶ 36 የነበረው የስልክ ምላሹ በ2018 ወደ 6 ወርዶበታል። የአሜሪካ መንግሥት የቤተሰብ ትምህርት ጥናትም ለዓመታት በስልክ ሲካሄድ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ ፖስታ ዞረ።

ጥያቄ (ከጊንጆ)፦ ፖስታው ቤት ከገባ ማን ነው የሚሞላው?

መልስ፦ አባባ፣ ዋናውን ችግር ነኩት። «ልደቱ የቀረበ አዋቂ ይሙላ» ተብሎ ይጻፋል፤ የሚሞላው ግን አንዳንዴ ፖስታውን የከፈተው ነው። የትምህርት ጥናቱ ወደ ፖስታ ሲዞር መጀመሪያ «ልጆች አሉ ወይ?» የሚል አጭር ወረቀት ይልክ ነበር፤ ዋናው መጠይቅ የሚሄደው አንድ ልጅ ከተመረጠ በኋላ ነበር። ሌላም አለ። «ባለፈው ሳምንት ለልጅዎ ስንት ቀን አነበቡለት?» ሲባል፣ ሰው በስልክ ለሚሰማው ድምፅ ከፍ አድርጎ መመለስ ይቀናዋል። ወደ ወረቀት ሲዞር ቁጥሩ ቢወርድ ወላጅ ሰነፈ ለማለት አልቸኩልም።

ጥያቄ (ከኮቼ፣ ተማሪ)፦ ለመመረቂያ ጥናቴ ጅማ ላይ በፖስታ ልሞክር?

መልስ፦ አትድከም፣ ልጄ። አሜሪካ ፖስታ ቤቱ የየበሩ አድራሻ ዝርዝር አለው፤ ናሙናው የሚወጣው ከዚያ ነው። እኛ ጋ ደብዳቤ የሚገባው ፖስታ ሣጥን ውስጥ ነው፣ አድራሻችንም «ከመስጊዱ ወረድ ብሎ አረንጓዴው በር»። በኛ በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲገባ የዓለም ባንክ በስልክ ያጠናው እንኳ ቀደም ሲል ቤት ለቤት በተሰበሰቡ ቁጥሮች ነው፤ ስልክ የሌለው ቤት ቀርቷል። ስለዚህ የመረጥከውን ሰፈር በእግርህ ዞረህ አባወራውን ሁሉ መዝግብ፣ ከዝርዝሩ በዕጣ ምረጥ፣ ስልክ ቁጥሩን ያዝ፤ የራሱ ከሌለው የጎረቤቱን። መደወል የምትችለው ለሁለተኛው ዙር ነው። ስትመዘግብ በር አትቁጠር፤ ግቢው ውስጥ ሰርቪስ ቤት የተከራዩትን ጠይቅ፣ አንድ በር አምስት ቤተሰብ ሊኖረው ይችላል።