ያላለቀው ፈትል

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ስለ አያቴ ላወራችሁ ነው።

አያቴ የኖረችው ምሥራቅ ጎጃም፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ ነው። ብርዱ አጥንት ይገባል። ባሏ ከሞተ በኋላ «እወደው ነበር» ስትል አንድ ቀን እንኳ ሰምቻት አላውቅም። የምትለው ይህን ነበር፦ «ከሱ ወዲያ መደቡ በአንድ ጎኑ ብቻ ነው የሚሞቀው።» ልጅ ሆኜ ስለ መደቡ የምታወራ ይመስለኝ ነበር። እውነትም ስለ መደቡ ነው የምታወራው። ስለ ጭቃው፣ ስለ ቁርበቱ፣ እሱ ይተኛበት ስለነበረው ቦታ። የስንት ዓመት ትዳር ግን እዚያች አንዲት ንግግር ውስጥ ተኝቷል።

እሷም በተራዋ አረፈች። ቀብሯ ላይ የሕይወት ታሪኳን አንተ አንብብ ተባልኩ። ሌሊቱን ጻፍኩ። «ደግ ነበረች፣ ሩኅሩኅ ነበረች፣ በጣም እንወዳት ነበር።» ሁሉም እውነት ነው። ሰው አቀርቅሮ ሰማኝ፣ በቃ።

ከቀብር ተመልሰን አንዲት ጎረቤቷ ብድግ አሉ፦

«ጥጡም ተባዝቶ ፈትሉም ተጀምሮ፣
እንዝርቷን አስቀምጣ ሄደች ዘንድሮ።»

ግቢው ተናወጠ። የኔም እንባ የመጣው ያኔ ነው። እንዝርቷን ሁላችንም እናውቃታለን። ከመደቡ ራስጌ ግድግዳው ላይ ከነፈትሏ ተሰክታ ነበር። ለኔ ጋቢ እየፈተለች ነው የሞተችው።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። የቅኔ ቤቶቹ ዋሸራም ጎንጅም እዚሁ ናቸው። «ሰምና ወርቅ» እንላለን፤ ስሙ ግን የመጣው ከአንጥረኛ ቤት ነው። አንጥረኛው መጀመሪያ ቅርጹን በሰም ያበጃል። ከዚያ በጭቃ ይለብጠዋል። እሳት ሲነካው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ ወርቁ ሰሙ በነበረበት ይገባል። ሰሙ ላይ ያልተቀረጸ ነገር ወርቁ ላይ አይገኝም። የኔ ወረቀት ወርቅ ነበረው፣ ሰም አልነበረውም። ጎረቤታችን እንዝርቷን አመጡ፣ ፍቅሩ መግቢያ አገኘ።

«አንጀቴ አረረ» ማለትን አልንቅም፤ የእናቶቻችን ቃል ነው። ግን ለማንም ሟች ይሆናል። እንዝርቷ የሷ ብቻ ናት። ስለ ሞተባችሁ ሰው ልትጽፉ ከሆነ፣ እባካችሁ መጀመሪያ ቤቱን ዙሩ። ምኑ ተሰክቶ ቀረ? የትኛው ስኒ ነው ከዚያ ወዲህ ያልተነሳው?

ፈትሉን ሸማኔ ዘንድ ወሰድኩት። በእጁ መዘን መዘን አደረገና «ለጋቢ አይበቃም» አለኝ። ጋቢ 4 እጥፍ ነው፣ ኩታ ግን 2። ሌላ ፈትል ልጨምርበት ቢለኝ እንቢ አልኩት። ኩታ አድርጎ ሠራልኝ።

አገር ቤት ስሄድ ማለዳ ማለዳ እሱን ደርቤ እወጣለሁ። የጮቄ ነፋስ ያልፈዋል።