ኬት ሾፓን፦ የእርግብ ቤቷ ኪራይ ከየት መጣ?

[ምስል፦ በኒው ኦርሊንስ ኤስፕላናድ ጎዳና ላይ ባለ በረንዳ ትልቅ ቤት፤ ጥቂት እርምጃ አልፎ አንዲት ትንሽ ቤት]

ተራኪ፦ የአሜሪካዊቷ ደራሲ የኬት ሾፓን ልቦለድ ባለታሪክ ኤድና ፖንቴሊዬ የባሏን ትልቅ ቤት ትታ አራት ክፍል ብቻ ወዳላት ቤት ትገባለች። ቤቲቱ ከማነሷ የተነሳ «የእርግብ ቤት» ትባላለች። በ1899 የታተመውን «ዘ አዌክኒንግ» (መንቃት እንደማለት ነው) የሚያነብ ሰው እዚህ ላይ ፍቅሩን ሊፈልግ ይችላል፤ ደራሲዋ ግን ኪራዩ ከየት እንደሚመጣ ትነግረናለች። ከእናቷ ውርስ ጥቂት በጥቂት የሚላክላት፣ በፈረስ እሽቅድምድም ያሸነፈችው፣ መሸጥ የጀመረችው ሥዕል።

ባልየውስ? ሥራ ሊሠራ ከከተማ ወጥቷል። ዜናውን ሲሰማ የሚያስጨንቀው «ፖንቴሊዬ ከሰረ» መባሉ ነው። ስለዚህ ቤቱ እየታደሰ ነው የሚል ወሬ ጋዜጣ ላይ ያስወጣል። ከልቦለዱ ውስጥ በጣም የሚያስቀው፣ በጣምም የሚመረው ገጽ ይህ ይመስለናል።

[ምስል፦ የሒሳብ መዝገብ፣ የገጠር ሱቅ መደርደሪያ]

ይህን ሒሳብ ኬት ከመጽሐፍ አልተማረችውም። በ1850 በሴንት ሉዊስ ተወለደች፤ የአምስት ዓመት ልጅ ሳለች አባቷ በባቡር አደጋ ሞቱ። ያደገችው ባል በሞተባቸው ሴቶች መካከል ነው፦ እናቷ፣ አያቷ፣ ቅድመ አያቷ። በ1870 የጥጥ ነጋዴውን ኦስካር ሾፓንን አገባች፤ ስድስት ልጆች ወለዱ። በ1879 ንግዱ ሲወድቅ ሉዊዚያና ገጠር ክሉቲየቪል ገቡ። በ1882 ኦስካር በወባ ሞተ፤ 12,000 ዶላር ያህል ዕዳም ጥሎ ሄደ። ሱቁን ከአንድ ዓመት በላይ ራሷ አስተዳደረች። በሉዊዚያና ሕግ የወለደቻቸው ልጆች ሕጋዊ ሞግዚት ለመሆን እንኳ ፍርድ ቤት ማመልከት ነበረባት።

ወደ ሴንት ሉዊስ ተመልሳ መጻፍ ጀመረች። የመጀመሪያ ልቦለዷን በ1890 ያሳተመችው በገዛ ገንዘቧ ነው፤ 1,000 ቅጂ።

[ምስል፦ ክፍት መስኮት፣ ከውጭ የሚታዩ የዛፍ ጫፎች]

በ1894 የጻፈችው «የአንድ ሰዓት ታሪክ» በጥቂት ገጽ ያልቃል። ልበ ደካማዋ ሚስት ባሏ በባቡር አደጋ ሞተ ሲሏት ክፍሏን ዘግታ ታለቅሳለች፤ ከዚያ «ነፃ ነኝ» ትላለች። ባልየው በሩን ከፍቶ ሲገባ ትሞታለች። ሐኪሞቹ «ደስታ ገደላት» ይላሉ። ይህን የሐኪሞች ቃል የደራሲዋ ቃል አድርጎ የወሰደ ሰው ታሪኩን ገልብጦ አነበበው ማለት ነው፤ ክፍሉ ውስጥ የሆነውን የምናውቀው እኛ እንጂ እነሱ አይደሉም።

[ምስል፦ የ1899 ጋዜጦች]

«ዘ አዌክኒንግ» በቤተ መጻሕፍት ታገደ የሚባል ወሬ እስከ ዛሬ ይደጋገማል። ማስረጃ አልተገኘለትም። የሆነው ከዚያ ዝግ ያለ ነው፦ ብዙ ሐያስያን «ነውረኛ» አሉት፣ ሽያጩ አልተነሳም፣ በ1900 አሳታሚው ተቀብሎት የነበረውን ቀጣይ የአጫጭር ልቦለድ መድበሏን መለሰላት። መድበሉ እንደታሰበው ሆኖ የወጣው በ1991 ነው።

ኬት በ1904 ሞተች። በ1898 የጻፈችውን «ማዕበሉ»ን፣ ያገባች ሴት ያለ ጸጸትና ያለ ቅጣት ከሌላ ወንድ ጋር የምትተኛበትን ታሪክ፣ ለማተም እንኳ አልሞከረችም። አንባቢ እጅ የገባው በ1969፣ ኖርዌያዊው ምሁር ፐር ሴይርስቴድ ሥራዎቿን ሰብስቦ ሲያሳትም ነው።