ልጅሽ በየት በኩል ነበር አንባባል

ክቡር አባታችን፣ እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ ከቅዳሴ በኋላ ቤት ስንት ሥራ እያለባችሁ ስለቆያችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የእናቶች ማኅበር እንመሥርት ስንል "አገሩ ይረጋጋ መጀመሪያ" ያሉን ብዙ ናቸው፣ እኔ ግን ጊዜው አሁን ነው ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም እዚህ አዳራሽ ውስጥ የዓዲግራት እናት አለች፣ የእምድብር፣ የሶዶ፣ የነቀምቴ፣ የባሕር ዳር እናት አለች፣ በአገር ደረጃ ካቶሊኩ ከመቶ አንድ እንኳን አይሞላም እኮ፣ እርስ በርስ ካልተያየን ማን ሊያየን ነው? መንግሥትና ሕወሓት ፕሪቶሪያ ላይ ጥቅምት 2015 የሰላም ስምምነት ተፈራረሙ፣ እሰየው፣ ግን አማራም ኦሮሚያም ውስጥ ተኩሱ አልቆመም፣ የሞተውም አልተመለሰም።

እዚሁ ቤተክርስቲያን ያየሁትን ልንገራችሁ። ሁለት እናቶች አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ሁለቱም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። የአንዷ ስልክ ጮኸና ቀስ ብላ በትግርኛ ስትመልስ ሌላዋ ተነስታ ኋላ ሄዳ ተቀመጠች። ክፉ ሆና አይደለም፣ ልጇ ከግንባር አልተመለሰም። የዛችኛዋም ልጅ አልተመለሰም።

ሰሜን አየርላንድ ካቶሊክና ፕሮቴስታንት በሰፈር ተከፋፍሎ ሲገዳደል፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 1976 ቤልፋስት ላይ የእንግሊዝ ወታደሮች አንድ የአይአርኤ (እንግሊዝን በመሣሪያ ይዋጋ የነበረ ቡድን ነው) ሰው መኪና እየነዳ ሲሄድ ተኩሰው ገደሉት፣ መኪናው አን ማጓየር የምትባል እናትና ልጆቿ ላይ ወጣ፣ ሦስት ልጆቿ ሞቱባት፣ ትንሹ የ6 ሳምንት ሕፃን ነበር። ቤቲ ዊሊያምስ የምትባል የሰፈሩ ካቶሊክ እናት በር እያንኳኳች ፊርማ መሰብሰብ ጀመረች፣ የልጆቹ አክስት ሜሬድ ኮሪጋንም አብራት ቆመች፣ በቀናት ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች ከሁለቱም ወገን አደባባይ ወጡ። የ1976 የኖቤል የሰላም ሽልማት ለሁለቱ ተሰጠ። አን ማጓየር ግን ሐዘኑ ከብዷት በ1980 ሕይወቷ በገዛ እጇ አለፈ፣ ነፍሷን ይማር። ሰልፉ ትልቅ ነገር ነበር፣ በጣም አከብራቸዋለሁ፣ ግን ሰልፍ ሲበተን እናትየዋ ቤቷ ትገባለች፣ ሌሊቱ አለ፣ ባዶው አልጋ አለ፣ ለኔ የኛ ማኅበር ሥራ እዛ ጋ ነው የሚጀምረው።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይሄ ነው፣ ሁለት ሁለት ሆነን ሐዘን ያለበት ቤት እንሂድ፣ ሁለቱ ግን ካንድ አካባቢ አይሁኑ፣ ቡናውን እኛው እናፍላ፣ ልጇ ከነማን ጋር እንደተሰለፈ ማንም እንዳይጠይቃት፣ ራሷ ካወራች እንስማት፣ ዝም ካለች አብረን ዝም እንበል። መቁጠሪያ ስንጸልይ ደሞ እያንዳንዷ አፍ በፈታችበት ቋንቋ ታድርስ፣ ማርያም ሁሉንም ትሰማለች። ጠባቂያችን ቅድስት ሞኒካ ትሁን እላለሁ፣ የዛሬዋ አልጄሪያ ልጅ፣ የኛው አፍሪካዊት፣ ለልጇ ለአውግስጢኖስ ስንት ዓመት ያለቀሰች እናት ናት፣ በዓሏም ነሐሴ 21 ነው።

መዝገቡ በሩ ጋ ጠረጴዛው ላይ አለ፣ ስማችሁንና ስልካችሁን ጻፉ፣ መጻፍ ለሚከብዳት እህታችን ትጽፍላታለች። የመጀመሪያው ጉብኝት የፊታችን ቅዳሜ ነው፣ ማን ከማን ጋር እንደምትሄድ ሳንበተን እንነጋገር።